የጋራው መፍቻ

ሞተር ሳይክሏ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ በጎኗ ተጋድማለች። ስትነዳት የነበረችውን ነርስ አምቡላንስ ከወሰዳት ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የጠበቋት አንድ ነጭ ጫማ፣ ክዳኑ የተከፈተ የምሳ ዕቃና ዙሪያውን ቆመው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ።

«ፍጥነት ነው» አለ አንዱ።

«ሴት ልጅን በሞተር ምን ያሯሩጣታል?» አለ ሌላው። ቀና ሲል ኢንስፔክተሯን ከነመለዮዋ አያትና የቀረውን ወሬ ዋጥ አድርጎ ከሰው ኋላ ተሸጎጠ።

ኢንስፔክተሯ አልፋው ወደ ሞተሯ ሄደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በምርመራ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ለመንገደኛ ሁሉ አፉን አይከፍትም። ባልደረቦቿ «እሷ እኮ ጥላዋንም ትጠረጥራለች» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱ ደርሷታል፤ እውነትነት ስላለው ግን አልተቀየመችም። ጎንበስ ብላ የፊት ጎማውን አየች። ዲስኩን ጨብጦ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬን መያዣ ከቦታው ተነቅሎ በጎማው ሽቦዎች መካከል ተሰንቅሯል። መያዣውን ጎማውን ከተሸከመው ሹካ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች የሉም፤ ቀዳዳዎቹ ባዷቸውን ናቸው።

«አንድ ብሎን ቢሆን ላላ እንላለን» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ ሆኖ። ሳጅኑ ሆዱም ድምዳሜውም ሁልጊዜ ከእሱ ቀድመው የሚደርሱ ሰው ነው። «ሁለቱም ከጠፉ ግን ሰው ነው የፈታቸው፣ አለቃ። ግድያ ነው።»

«መጀመሪያ ሴትየዋ ትሙት እንጂ፣ አንተ ደግሞ!» አለችው። «ብሎኖቹን ፈልግ። መንገዱን ከአናቱ እስከዚህ በእጅህ ዳብሰህ ውረድ።»

ከምሳ በፊት ከሆስፒታሉ ተደወለ። ነርሷ ስትሠራበት በኖረችው ክፍል፣ ባልደረቦቿ እጅ ላይ ሕይወቷ አልፏል።

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ስለ ባልየው መጠየቅ ጀመረች፤ ሚስት ስትሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው ባል ነው።

ባልየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ምድጃው ጠፍቶ፣ ያልተጋገረው ሊጥ ከጠረጴዛው ላይ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ እሱ ዱቄት ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«ጎረቤቶችህን አናግሬያለሁ» አለችው። «ባለፈው ሳምንት ‘ይቺን ሞተር አንድ ቀን ሰባብሬ ነው የምጥላት’ ስትል ሰምተውሃል።»

«ብያለሁ።» አልካደም። «ዕድሜዬን ሙሉ ብያለሁ። ፈርቼላት ነው! የፈራሁት ደረሰ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እዚህ። ከአራት ሠራተኞች ጋር። ጠይቂያቸው።» እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ ዱቄቱ ከእጁ ወደ ሽርጡ፣ ከሽርጡ ወደ እጁ ተመላለሰ። «እኔን ከምታደርቂኝ ወንድሟን ጠይቂው። እሑድ ዕለት ፍሬኑን የቀየረው እሱ ነው። መምህር ከሆነ ለምን ማስተማሩ ላይ አይቆምም? ገደላት። እህቱን ገደላት፤ ሌላ የምለው የለኝም።»

አራቱ ሠራተኞች ለየብቻ ተጠየቁ፤ አራቱም አሠሪያችን ከምድጃው አልራቀም አሉ። ሞተሯም ሌሊቱን ግቢ ውስጥ፣ የተቆለፈ በር ኋላ ነው ያደረችው። ኢንስፔክተሯ ባልየውን ከዝርዝሯ አልሰረዘችውም፤ ማንንም ቶሎ ሰርዛ አታውቅም። ግን ዝቅ አድርጋ ጻፈችው።

ወንድምየውን መፈለግ አላስፈለገም። ከቀትር በኋላ ራሱ ጣቢያ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ጥቁር ግራሶ ያለበት፣ ከሸሚዙ ኪስ ጠመኔ የማይጠፋ። ወንበር ሲሰጡት አልተቀመጠም።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። «ጻፉትና ልፈርም።»

ሳጅኑ ብዕሩን መዘዘ። ኢንስፔክተሯ በዓይኗ አስቆመችው። ሰው እንዲህ ተቻኩሎ ጥፋት ሲሸከም ከሥሩ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፤ የሚሸፍነው ሰው፣ ወይም የሚሸሸው የባሰ ጥፋት።

«ተቀመጥ። ምን አደረግህ?»

«እሑድ ከሰዓት የፊት ፍሬኗን ሸራ ቀየርኩላት። መያዣውን መልሼ አሰርኩ። በሞተሯ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈውን የማጥበቂያ ልክ መፍቻው ላይ ሞላሁ፣ ሁለቱንም ብሎን አጠበቅኩ፣ ሁለቱም ቀጭ አሉ።»

«ቀጭ?»

ስለ መፍቻው ሲያወራ ለአፍታ መምህርነቱ ተመለሰበት። እሱን ጨምሮ በየቤታቸው ሞተራቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ማግኔት መንቀያው፣ ሰንሰለት መበጠሻው፣ የቫልቭ ክፍተት መለኪያው በዓመት አንዴ ነው የሚያስፈልገው፤ ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ አንድ በጋራ አላቸው፣ በአንድ ሽማግሌ መጋዘን ተሰቅሎ። ከሁሉም የሚከበረው አንድ ረጅም መፍቻ ነው። የማጥበቂያውን ልክ በቁጥር ትሞላለህ፤ ብሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ መፍቻው ራሱ ቀጭ ይልና ይነግርሃል። ስሙንም በድምፁ «ቀጭ» ብለው አወጡለት።

«ቀጭ ካለ አይላላም፣ አይበዛም» አለ። «ስለዚህ የሳትኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆናል። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ፊቴን ማየት አልፈለገችም። እውነቷን ነው። እሰሩኝ።»

«ካንተ በፊት መፍቻውን ማን ወስዶት ነበር?»

«ዝገት።»

«ዝገት ማነው?»

«የሞተር ዕቃ አከፋፋይ ነው። መሣሪያ ሲመልስ ሁሌ ቆሽሾ፣ ሁሌ አርፍዶ ስለሆነ እንደዚያ ነው የምንለው።»

ኢንስፔክተሯ «ዝገት» የሚለውን ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መምህሩን ለጊዜው ጣቢያ አቆየችው። እሱም መሄድ የሚፈልግ አይመስልም ነበር።

መጋዘኑ ከአንድ አሮጌ ግቢ ጀርባ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ በአውቶቡስ ድርጅት ሠላሳ ስምንት ዓመት በዋና መካኒክነት ሠርተው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አሥራ አንዱም ሰዎች «አባ ሰሌዳ» ይሏቸዋል። ምክንያቱ ከበሩ ሲገቡ ፊት ለፊት ይታያል፤ ግድግዳውን ሞልቶ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል። እያንዳንዱ መሣሪያ በሚሰቀልበት ቦታ የመሣሪያው ቅርጽ ልክ በልኩ በነጭ ቀለም ተስሏል። መሣሪያው ከሌለ ሥዕሉ ባዶውን ይታያል፤ ከሥዕሉ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ደግሞ የወሰደው ሰው ምልክት ያለባት ጠፍጣፋ ቀለበት ትንጠለጠላለች።

«ደብተር አንይዝም፣ ልጄ» አሉ አባ ሰሌዳ፣ ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ደብተር ይዋሻል። ሰሌዳ አይዋሽም። ማን ምን እንደያዘ ከበር ቆሜ አያለሁ።»

ከመፍቻው ቦታ አጠገብ በደማቅ ፊደል «የወደቀ ቀጭ አይሰቀልም» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል።

«ይህ ምንድነው?»

«ሕጋችን ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለ። ከወደቀ ልኩ ይዛባል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም። የጣለው ሰው ቀዩን ጨርቅ አስሮበት ይናገራል፣ ተለክቶ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ጥሎ ዝም ያለን አንድ ሰው ከዚህ በር አባርሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።»

«መምህሩ መቼ መለሰው?»

«እሑዱኑ፣ ሳይመሽ። ወልውሎ፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሶ። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው።» ወደ በሩ አዩ። «እህቱንም አውቃታለሁ። እዚህ በር ላይ ቆማ ‘አባ፣ ወንድሜን መቼ ነው የምትለቁልኝ?’ ትለኝ ነበር።»

«ከእሱ በኋላስ?»

«ማንም አልነካውም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የመጋዘኑ ቁልፍ ከዚህ አንገት ወርዶ አያውቅም» አሉ፣ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ እያሳዩ።

ኢንስፔክተሯ መፍቻውን ለምርመራ እንደምትወስደው ነገረቻቸው። ሳያንገራግሩ አውርደው ሰጧት። እንዲህ በቀላሉ መስጠታቸው ራሱ ከነከናት፤ ግን እሷን የማይከነክናት ነገር የለም፣ ስለዚህ ለጊዜው ተወችው።

በማግስቱ ሳጅኑ ጉልበቱ ተልጦ፣ ፊቱ ፈክቶ መጣ። ሁለቱንም ብሎን አግኝቷል። ድምዳሜውንም ይዞ ነበር፤ የፖሊስ ጋራዡ መካኒክ ግን ብሎኖቹን በማጉያ መነጽር ሲያይ አፉን አጣመመ።

«እነዚህን ማንም አልፈታቸውም» አለ መካኒኩ። «እስቲ ጥርሳቸውን እዩት። ይህ የተጠመጠመበት ነጭ ነገር አሉሚኒየም ነው፤ የሹካው የራሱ ጥርስ። ብሎኑ ዞሮ አልወጣም። የያዘውን ሥጋ ቦጭቆ ነው የወጣው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከልክ በላይ ጠብቆ ነበር ማለት ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሹካውን ጥርስ ይበላዋል። ላዩን ሲያዩት ጠንካራ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ግን ይለቃል።»

በዚህ ባልየው ነፃ ወጣ፤ ብሎን ፈቺ የለም፣ አጥባቂ እንጂ። ያጠበቀው ደግሞ መምህሩ ነው። መካኒኩ የጋራውን መፍቻ በሞርሳ የብረት ጥርስ መሐል አስሮ፣ ክብደት አንጠልጥሎ ለካው። አምስት ጊዜ ለካው፤ አምስቱንም ጊዜ ልኩ ላይ ቀጭ አለ።

«መፍቻው ሐቀኛ ነው» አለ።

«እንግዲያው መምህሩ ነው ሐሰተኛው» አለ ሳጅኑ። «ወይ ቁጥሩን ሆን ብሎ አብዝቶታል፣ ወይ በመፍቻው ጭራሽ አልሠራም። አለቃ፣ ሰውየው ራሱ ልፈርም እያለ ነው፤ ምን እንጠብቃለን?»

የምትጠብቀውን እሷም አላወቀችውም። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ቁጥር ተሳሳትኩ ማለቱ አልዋጥላት ብሏል። እህቱን ሊገድል የፈለገ ሰው ደግሞ ብሎን ያላላል እንጂ አያጠብቅም። መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ዝገት ሄደች።

ዝገት በዕቃ ተሞልቶ መግቢያ ባጣ ሱቁ ውስጥ፣ ሁለት ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዳያት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

«መጣሽልኝ፣ እህቴ! ከትናንት ጀምሮ ስጠብቅሽ ነው። አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር ዝገት፣ በተሰበረ ቁጥር ዝገት። አሁን ደግሞ ሰው ሲሞት።»

«መፍቻውን ጥለኸዋል?»

«አልጣልኩም።»

«ልማድህን ነግረውኛል።»

«ልማዴ ማቆሸሽ ነው፤ መጣልና ዝም ማለት አይደለም። የኔን ሞተር አስለኪው ከፈለግሽ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚያው መፍቻ የፊት ፍሬኔን አስሬ ይኸው ስጋልብበት ነው የከረምኩት። መልሼም ለአባ ሰሌዳ በእጃቸው ነው የሰጠሁት፤ ሰድበውኝ ተቀበሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጨርቁን ፈታች። ዝገት መፍቻውን ተቀበላት፣ አንዴ ገለበጠው፣ ፊቱ ላይ የነበረው ቧልት ድንገት ጠፋ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከሰሌዳው።»

«ይሄማ የኛ ቀጭ አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«እፈር ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ? እንግዲህ ልናገር። አምና ሞርሳ ውስጥ አስሬው እጀታውን በሞርሳው ጥርስ ነክሼዋለሁ። ሁለት ጥልቅ ጠባሳ። አባ ሰሌዳ አንድ ወር ሰላም አላሉኝም። ይህ እጀታ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው።» አሸተተው። «አዲስ ነው፣ እህቴ። የፋብሪካ ዘይቱ እንኳ አልለቀቀውም።»

የሥርዓት አልባው ሰው ጥፋት ነው እውነቱን ያወጣው። ኢንስፔክተሯ አመስግናው ስትወጣ «ዝገት» የሚለውን ስም ከዝርዝሯ ሰረዘችው፤ ቶሎ ሰርዣለሁ ብላም አልተቆጨችም።

አባ ሰሌዳ ማግኔት መንቀያውን እየወለወሉ ነበር። ኢንስፔክተሯ ምንም ሳትል አልፋቸው ገባችና መፍቻውን በገዛ እጇ ከቦታው ሰቀለችው። ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ በየሥዕላቸው ውስጥ ልክክ ብለዋል። ከዚህኛው ሥር ግን የሥዕሉ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ተርፎ፣ ነጩ ቀለም ራቁቱን ቀረ። ትናንት እዚሁ ቆማ ነበር። በሰሌዳው አንደበት ስትደነቅ ሰሌዳውን ራሱን አላየችውም፤ በራሷ ተናደደች።

«ጋሼ፣ ሥዕሉ ከመፍቻው ለምን ረዘመ?»

«ቀለም... ቀለም ይስፋፋል፣ ልጄ።»

«የሌሎቹ ለምን አልተስፋፋም?»

መንቀያውን እንደገና ወለወሉ። እሷም ጠበቀቻቸው፤ መጠበቅ ከጥያቄ ሁሉ የከፋ እንደሆነ ታውቃለች።

«ከመምህሩ በኋላ ማንም አልነካውም ብለዋል» አለች በመጨረሻ። «ቁልፉም ከአንገቴ አልወረደም ብለዋል። ቃልዎን አምኜ ከተቀበልኩ መፍቻውን ሊቀይር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረኝ። ሌላውን በር ሁሉ ራስዎ ነው የዘጉብኝ።»

ማግኔት መንቀያውን ጠረጴዛው ላይ ለማስቀመጥ ሞከሩ። ብረቱ ከማረፉ በፊት ጠረጴዛውን ሦስት አራት ጊዜ መታው። ያን ጊዜ እጃቸውን አየች። ትናንት ኩባያውን በሁለት እጃቸው የያዙት ስለበረዳቸው አልነበረም።

«መቼ ወደቀ?»

«ሐሙስ፣ ከእሑዱ በፊት። እንደ ሁልጊዜው ልወለውለው አወረድኩት። ከእጄ አመለጠ። ሲሚንቶው ላይ፣ በአናቱ።»

«ቀዩ ጨርቅስ?»

«አነሳሁት። ላስረው አነሳሁት፣ ልጄ፤ ይህን እግዜር ያውቃል። ከዚያ ግን ሞከርኩት፤ ቀጭ አለ። ቀጭ ካለ ምን ሆነ ብዬ ሰቀልኩት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጆቹ ከጀርባዬ ‘እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ቁልፉን ለሌላ ቢያስረክቡ’ ሲባባሉ ሰምቻለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ... ጨርቁን ካሰርኩ ማን ጣለው ይባላል። በማግስቱ ቁልፉን ይጠይቁኛል። ይህ ቤት ከተወሰደብኝ እኔ ምን እቀራለሁ?»

«አደጋውን ሲሰሙስ?»

«ወዲያው ገባኝ። ሮጬ አዲስ ገዛሁ። ልክ የእሱን ቁመት ግን አላገኘሁም።»

«አሮጌው የት ነው?»

ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ከአልጋቸው ሥር አመጡት። ሁለቱ ጠባሳዎች እጀታው ላይ አሉ። ከአናቱ ላይ፣ ትናንት ሰሌዳው ላይ ያየችው ቀይ ጨርቅ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«መምህሩ እኔ ነኝ የገደልኳት እያለ ጣቢያ መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እና ዝም አሉ።»

«ማታ እናገራለሁ፣ ጠዋት እናገራለሁ ስል...» ያ ግድግዳ የሚያክል ሰሌዳ ጀርባቸው ላይ ቆሞ፣ አንድ ያረጁ፣ ያፈሩ ሰው ብቻ ሆነው ታዩዋት። አንጀቷን በሏት፤ ስለ በሏትም ተናደደች። «ይልበሱና እንሂድ» አለቻቸው።

ጋራዡ ውስጥ አሮጌው መፍቻ ተለካ። ቀጭ ይላል፣ ግን አርፍዶ፤ ከልኩ አንድ እጥፍ ተኩል ካለፈ በኋላ። ሳጅኑ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ድምዳሜ አልነበረውም።

ኢንስፔክተሯ ለመምህሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ይጮሃል፣ ያለቅሳል፣ ወይም ተነስቶ ወደ እናቱ ይሮጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ጥፍሩን እያየ ሰማት።

«እሳቸው የት ናቸው?» አለ።

«ከጎን ያለው ክፍል።»

«ልያቸው።»

ሳጅኑ በዓይኑ አይሆንም አላት። እሷም ለአፍታ አመነታች፤ እህቱ የሞተችበትን ሰው ከገዳይዋ ጋር ማገናኘት ምን ሊያመጣ እንደሚችል አይታለች። ሆኖም በሩን ከፈተችለት፣ ራሷም ገብታ በሁለቱ መሐል ቆመች።

አባ ሰሌዳ እንዳዩት ከተቀመጡበት ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ያንተ እጅ የለበትም» አሉ። «አንተ እንደ መጽሐፉ ነው የሠራኸው። ፍረድብኝ። ለእናትህም እኔው እነግራቸዋለሁ። ያንተ እጅ ምንም የለበትም።»

መምህሩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እጄ ነግሮኝ ነበር፣ ጋሼ።»

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ አየችው።

«ሁለተኛውን ብሎን ሳጠብቅ በዝቷል ብሎኛል። ክንዴ ላይ ተሰማኝ። ቆምኩ። ከዚያ ‘የጋሼ መፍቻ ነው፣ የኔ ክንድ ከሳቸው መፍቻ አይበልጥም’ አልኩና ቀጭ እስኪል ገፋሁት።»

አባ ሰሌዳ እጆቻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሞ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈም።

«እሷ አጠገቤ ነበረች» አለ መምህሩ፣ አሁን ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «ስጨርስ ‘ከመሄድሽ በፊት ቁልቁለቱ ላይ ወርደሽ ፍሬኑን ሞክሪው’ አልኳት። ሳቀችብኝ። ‘አንተ ከሠራኸው ምኑ ይሞከራል?’ አለችኝ።»